በጆሮ ደርድራቸው

ጅማ፣ የሐምሌ ጧት፤ ዝናብ አላባራ ብሎ፣
ከካርድ ክፍሉ በር ሰልፉ ተንጠልጥሎ፣
እኔ ከስክሪኔ ፊት ደረቴን ነፍቼ፣
የሠላሳ ሺህ ሰው ስም ለቅሜ አስገብቼ፣
«ሣጥኑ ይውጣ» አልኩ።
እትዬ ዝናሽወርቅ መልስ አልሰጡኝም፤
ሃያ ስድስት ዓመት የሳቡትን መሳቢያ
አንዴ በመዳፋቸው መታ አርገው ተቀመጡ።

የመጀመሪያዋ ተረኛ፣ ከሰቃ የመጣች፣
ሕፃኗን እንዳዘለች ስሟን ተናገረች።
ጻፍኩ፦ ሂሩት።
የለችም።
ጻፍኩ፦ ሒሩት።
አንዲት አሮጊት መጡ፣ ካረፉ ሦስት ዓመት።
ሴትዮዋ ከፊቴ፣ ውሃ እያንጠባጠበች፤
ማሽኑ በቀይ ቀለም «አልተገኘም» ይላል።

«ብዙኃኑ ኀ ጋ እይ» አሉኝ ከኋላዬ።
ወረድኩ፤ ለን አልፌ፣ መን አልፌ፣ ቀን አልፌ፣
ከቸርነት በታች፣ ከነጂባ በላይ፣
ኂሩት ብቻዋን ናት ሰው አገር መሐል ላይ።

ለካ ለዚህ ፍጡር ፊደል ታርጋ ኖሯል፤
ቁጥሩን አይቶ እንጂ ድምፁን መች ሰምቷል!
ንጉሡ ሠ ወዲያ፣ እሳቱ ሰ ወዲህ፣
ረ እንደ ኬላ ዘብ መሐላቸው ቆሞ፤
ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ ደግሞ
አጥር ተጋርተው ሰላም አይባባሉም።

የባሰም ነበረ።
ከባሕር ማዶ የተዋስኩት ኮድ
ሰውን በመጨረሻ ስሙ ነው የሚያውቀው፤
ነጂባ አባ መጫን ከስሟ ነጥሎ
መጫ ሥር ወረወራት፣
«አባ»ን መካከለኛ ስም አድርጎ ቆጥሮ።
ሰልፈኛው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ አባ ዲጋ መጡ፣
ከጎማ ተነሥተው፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ።
ቀጠሯቸውን ሰርቨሩ በፈረንጅ ቆጥሮ
«9:00» ብሎ አትሞ ሰጥቷቸው ነበረ፤
የልጅ ልጃቸው አንብቦ፣ በዘጠኝ ደረሱ።
የዐይን ሐኪሟ ግን
ከጠዋቱ ሦስት ጠብቃ፣ ጠብቃ ሄዳለች።
«ወረቀትህ እኮ ዘጠኝ ነው ያለኝ፣ ልጄ።»
አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ማታ መብራት ጠፋ።
እትዬ ዝናሽወርቅ በስልካቸው ባትሪ
መሳቢያውን ሳቡ፤ እንጨቱ ሲጢጥ አለ።
ሦስቱም ሀዎች እዚያ፣ ባንድ ቤት አድረዋል፤
ሂሩት፣ ሒሩት፣ ኂሩት ትከሻ ገጥመዋል።
ከደ ቀጥሎ ደግሞ ቀይ ካርቶን ማካፈያ፦
«ይኼ የእነ ዹጉማ ነው። በቁቤ ሲጽፉት
ሁለት ፊደል ይሆናል፤ አፍ ላይ ግን አንድ ነው።
በጆሮ ደርድራቸው።
መጀመሪያ ስማ፤ ድምፁ ከተስማማ
ያን ጊዜ መልኩን እይ።
መልክ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው።»

መብራቱ ሲመጣ ሌሊት ስድስት ሆኗል።
ለማሽኑ ነገርኩት፦ ቋንቋህ አማርኛ፣ አገርህ ኢትዮጵያ።
ወሩን ሐምሌ አለልኝ፣ ዓመቱንም አቀና፤
የሦስቱን ሀ ዝምድና ግን
ለእሱም የነገረው አልነበረምና፣
እኔው በእጄ ጻፍኩት።
የማንንም ስም አልነካሁ፤ ኂሩት ኂሩት ናት።
ከጀርባዋ ብቻ አንድ ስውር አምድ ሠራሁ፣
ድምፅ የሚያኖር፣ ለዐይን የማይታይ፤
«ጆሮ» ብዬ ሰየምኩት።
ሰዓቱንም ከንጋት ጀምሮ እንዲቆጥር አስተማርኩት፦
ለአባ ዲጋ፣ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

ጧት ላይ እትዬ መጡ፣ ጃንጥላ አራግፈው።
ኂሩትን ፈለጉ፤ ተገኘች። ነጂባን፤ ተገኘች።
«እኔስ?» አሉ።
ዝናሽ ብዬ፣ ክፍተት ትቼ፣ ወርቅ ብዬ ጻፍኩ።
አልተገኘም።
መነጽራቸውን ወደ ግንባር ሰቅለው
እንባ እስኪወርዳቸው ሳቁ፣
ሣጥኑንም በእግራቸው ገፋ አድርገው
ከወንበሬ አጠገብ አስቀመጡት።